የዓይኔ ቆብ ያስወጣው ሲንቄ

«ማነው የመታሽ?»

እንዲህ ያሉኝ አዴ ሎሚ ናቸው፤ አዴ እዚያ አገር ትልቅ ሴት የሚጠራበት ነው። ጠዋት ነው፤ ግቢ ውስጥ ከጀሪካን ውሃ እያንቆረቆርኩ ፊቴን እታጠባለሁ። ቀና ስል አንዲት ረጅም አሮጊት ከፊቴ ቆመው ግራ ዓይኔን ትኩር ብለው ያዩታል። አካም ቡልቴ የለ፣ እንዴት አደርሽ የለ።

«ማንም አልመታኝም» አልኳቸው።

«በር ነው ልትዪኝ ነው?»

«በርም አይደለም።»

«እኛንም ሁላችንን በር መትቶናል፣ ኢንተለ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው። ከዚያ ዞር ብለው በመጡበት የአጥር ቀዳዳ ወጡ።

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ አርሲ ነገሌ ውስጥ ነው። እኔ ነገር ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ፤ ተጣልቼ እንኳ ከማን ጋር እንደተጣላሁ ይጠፋኛል። ይሄኛውን ግን መርሳት አልቻልኩም። ሰው ዓይኔን ባየ ቁጥር ይመጣብኛል፤ ዓይኔን ደግሞ የማያይ ሰው የለም።

ለምን እንደሚያዩት ልንገራችሁ። ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ አለብኝ። ብዙ ሰው የሽማግሌ በሽታ ነው ይላል፤ እኔን ግን የያዘኝ ተማሪ እያለሁ ነው። አያምም፣ አያሳክክም። ዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ቀስ እያለ ይጨምርና እይታን ከዳር ከዳር እየበላ ይሄዳል። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የጠመኔ ብናኝ ግራ ዓይኔ ውስጥ ገባብኝ። ጨፍኜ ሳሸው ሰሌዳው የለም። መምህሩም የለም። ድምፁ ብቻ ነው ያለው። ቀኝ ዓይኔ መጥፋቱን ያወቅኩት ያኔ ነው፤ መቼ እንደጠፋ ግን ዛሬም አላውቅም።

ቀኙ አሁን ብርሃንና ጨለማን ብቻ ነው የሚለየው። ሐኪሙ አላሽሞነሞነውም፤ «የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን እንጠብቅ» አለኝ። የቀረው ግራ ዓይኔ ነው። ማታ ማታ አንድ ጠብታ አደርግበታለሁ። ሳይታለፍ፣ ዕድሜ ልክ።

ጠብታው ሥራውን ይሠራል፤ ግፊቱ ወርዶልኛል። ጣጣው ሌላ ነው። ከጀመርኩ ከወራት በኋላ የግራ ዓይኔ ሽፋሽፍት ይረዝምና ይበዛ ጀመር። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። የምሠራው አዳማ ውስጥ ኮስሞቲክስ ሱቅ ነው፤ ደንበኞች ዓይኔን እያዩ «ይሄን ማስካራ ስጪኝ» ይሉኝ ነበር። አንዷ እንደውም «ለምን አንዱን ብቻ ተቀብተሽ ወጣሽ፣ አለቀብሽ እንዴ?» ብላኛለች።

ቀጥሎ የዓይኔ ቆብ ጠቆረ። የፀሐይ ጥቁረት አይደለም፤ የተመታ ሰው ቆዳ ላይ የምታዩት ዓይነት ነው፣ ወይን ጠጅ የነካው። ከዚያ ዓይኔ ወደ ውስጥ ገባ። ከቅንድቤ ሥር ጉድጓድ ወጣ፤ ቆቡም ትንሽ ወረደ ያለ መሰለ። ቀኙ እንደ ድሮው ነው፤ ያምራል እንኳ። እና አስቡት፣ ምንም የማያየው ዓይኔ ጤነኛ ይመስላል፣ የሚያየው ደግሞ ድብደባ የደረሰበት ይመስላል።

ክሊኒክ ሄጄ ጮኽኩባቸው። ነርሷ በትዕግስት ሰማችኝና «ጠብታው ነው የሚያደርገው፤ ስትጨምሪ የፈሰሰውን ወዲያው በሶፍት ጥረጊው፣ ቆዳው ላይ አይቆይ» አለችኝ። ሌላ ጠብታ ስጡኝ አልኳቸው። አለ፤ ግን አስም ላለበት ሰው አይሆንም። አስም አለብኝ። እንግዲህ መልኬን ወይ ማየቴን ልመርጥ ነው። የሚመረጥ ነገርም አልነበረም።

ገመቹ ይሄን ሁሉ ያውቃል። አዳማ የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራ ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ልኮ ቤተሰቦቼ እሺ ብለውታል። ክሊኒክ አብሮኝ ሄዷል። ማታ ስንደዋወል «ጠብታሽን አደረግሽ?» ሳይል ስልክ ዘግቶ አያውቅም። ይሄን የምነግራችሁ ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ ነው። ክፉ አይደለም።

የቀረን እናቱ እኔን ማየታቸው ብቻ ነበር። አዴ በዳቱ እግራቸውን ስለሚያማቸው ከአርሲ ነገሌ ተነስተው አዳማ ድረስ መምጣት አይችሉም። «ልጅቷን አምጣልኝና ልያት፤ ከዚያ የሰርጉን ቀን እንቆርጣለን» ብለውታል። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዘን ወጣን።

መቂ ላይ ሹፌሩ ቲማቲም ልግዛ ብሎ ቆመ። ገመቹ ያኔ ነው የጀመረው።

«ማሂ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ስለ ዓይንሽ ለአዮ አሁን አንንገራት።»

አዮ የሚላቸው እናቱን ነው። «ለምን?» አልኩት።

«ዘር ትጠይቃለች። የአክስቴ ልጅ ሰርግ እንዴት እንደፈረሰ ነግሬሽ የለ? የልጅቷ አጎት የሚጥል በሽታ አለበት ተብሎ ነው። እዚያ ቤት የአዮ ድምፅ ነው የመጨረሻው።»

«ታዲያ እኔን እስከ መቼ ነው የምትደብቀኝ?»

«መጀመሪያ ትውደድሽ። ከሰርጉ በኋላ ራሴ እነግራታለሁ። አንድ አዳር ነው ማሂ።»

መስኮቱን ከፍቼ መንገድ ዳር የተከመረውን ሽንኩርት አየሁ። ልጅየው እውነት ይፈራል። እናቱን ይወዳቸዋል፣ እኔንም ይወደኛል፤ ሁለታችንንም ሳያጣ ማለፍ ነው የፈለገው። በመጨረሻ እሺ አልኩት። አንድ ነገር ግን ጨመርኩ፤ «ከጠየቁኝ አልዋሽም።»

«ማን ይጠይቅሻል» አለኝ።

እንግዲህ ይዤ የሄድኩት ይሄን ነው። እዚያ ቤት ከነዓይኔ ልገባ፣ ወይ ሌላ ሴት ሆኜ ልገባ።

ሥራዬ መልክ መሸጥ ስለሆነ ሁለቱን ዓይኔን ማቀራረብ አላቃተኝም። ሚኒባሱ ነገሌ ሳይደርስ በእጅ መስታወት ግራውን በፋውንዴሽን ለቀለቅኩት፣ ቀኙን ደግሞ በጥቁር አይሻዶ አጨለምኩት። ገመቹ አየኝና «ቆንጆ ነሽ» አለ። ትንሽ ሳቅን።

አዴ በዳቱ በር ላይ ነው የተቀበሉኝ፤ በምርኩዝ ተደግፈው። ጉንጬን ስመው፣ እጄን ይዘው፣ ከጎናቸው አስቀምጠው ወተት ሰጡኝ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ቃሉን እየመረጡ ነው የሚያወሩት። አባቴ ምን እንደሚሠራ፣ እናቴ ስንት እንደወለደች፣ አያቶቼ ከየት እንደሆኑ ጠየቁኝ። ሁሉንም መለስኩ። ስለ በሽታ አልጠየቁኝም። ወደ ማታ ላይ ለጎረቤት በኦሮምኛ «ቀጠን ትላለች፣ ግን ቀጥ ብላ ነው የምትናገር» ሲሉ ሰማኋቸው። አዳማ ያደገ ሰው ኦሮምኛ ይሰማል፤ ስናገር ነው የምሰባብረው። ደስ አለኝ። ወደድኳቸው፤ ችግሩም እሱ ነው።

ሲመሻሽ የጠብታዬ ሰዓት ደረሰ። ቤቱ በዘመድ ሞልቷል። ጠርሙሷን በመዳፌ ጨብጬ ከጓሮ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄድኩ። የእጅ መስታወቴ ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ቀርቷል። ቀና ብዬ ጨመቅኩ፤ የመጀመሪያው ጠብታ ቆቡ ላይ ወደቀ። ደገምኩት፤ ገባ። ልጠርግ ስል ገመቹ መጣ።

«ምን ትሠሪያለሽ? አዮ የት ሄደች እያለች ነው።»

«እንደ ሌባ ሽንት ቤት ጀርባ ዓይኔን አክማለሁ።»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ። አንተ ነህ እዚህ ያስቆምከኝ።»

«ማሂ በናትሽ፣ አሁን አትጀምሪ። ደብቂው።»

እጄን ይዞ ጠርሙሷን ወደ ኪሴ ሊከታት ሲል መነጨቅኩት። ከዚያ በንዴት በሻርፔ ዓይኔን ፈተግኩት። ፋውንዴሽኑም፣ የፈሰሰው ጠብታም አንድ ላይ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አቃጠለኝ። ፊቴን በውሃ አለቅልቄ፣ ነጠላዬን ወደ ግንባሬ ሳብ አድርጌ ገባሁ። መብራቱ ደካማ ስለነበር ማንም ልብ አላለኝም።

ከአጥሩ ማዶ የአዴ ሎሚ ግቢ እንደሆነ አላወቅኩም ነበር።

ጠዋት ስነሳ ዓይኔ ደም መስሏል። ጠብታው ለራሱ ዓይን ያቀላል፤ ስፈትገው ደግሞ ቆቡ አብጧል። ፊቴ ላይ ሜካፕ የለ። ገመቹ ለምሳ እንግዳ ስለሚመጣ በጠዋቱ በባጃጅ ለስላሳ ሊያመጣ ከተማ ወጥቷል። እኔ ጀሪካኑን አንስቼ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ፤ አዴ ሎሚ ያን ጥያቄ ጠየቁኝ።

እሳቸው እንደሄዱ አዴ በዳቱ በምርኩዛቸው ብቅ አሉ። አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ብርሃን አዞሩት።

«ትናንት ይሄ አልነበረም» አሉ።

«ነበረ፣ ተቀብቼው ነው።»

«ምን ሆነሽ ነው የምትቀቢው?»

አፌን ከፈትኩ። ከጠየቁኝ አልዋሽም ብያለሁ። ግን የገመቹ ጉዳይ ነው፣ እሱ ይንገራቸው፣ አሁን ይመጣል አልኩ በልቤ። «ገመቹ ይምጣና ይንገርዎት» አልኳቸው። አሁን ሳስበው ከዚህ የባሰ መልስ አልነበረም። ልጃቸው የመታኝ መስሏቸው ፊታቸው ወደቀ።

ያኔ ከአጥሩ ማዶ አንድ ረጅም ድምፅ ተሰማ። እልልታ አይደለም፣ ለቅሶም አይደለም። የአዴ ሎሚ ድምፅ ነበር። ሌላ ቤት ተቀበለው፣ ከዚያ ሌላ።

«ሲንቄ» አሉ አዴ በዳቱ ቀስ ብለው። «ጉዳችን ፈላ።»

ሲንቄ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን ዱላ ናት። በኢሬቻ ሰሞን ሴቶች ይዘዋት ሲሄዱ አይቻለሁ፤ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። አርሲ አገር ግን ሴት ተመታች ሲባል ባለትዳር ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፣ የመታው ሰው ደጅ ይቀመጣሉ። ነገሩ ሳይፈታ ቤት አይገቡም፣ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። በመካከላቸውም ማንም አያልፍም።

መጡ። የሮጠች የለችም። አንዳንዷ ገና የጠዋት ሥራዋን ትታ ነው፤ እጇ ላይ ሊጥ ያለባት ነበረች። በሩ ፊት ለፊት ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አዴ ሎሚ የራሳቸውን ሲንቄ በግቢው መግቢያ ላይ አጋደሟት። ከዚያ ዝም። ያ ዝምታ ነው ያስፈራኝ። ቢጮኹ ኖሮ እኔም እጮህ ነበር።

ወጥቼ ፊታቸው ቆምኩ። «እናቶቼ፣ ማንም አልመታኝም። ተነሱ እባካችሁ» አልኩ።

«ቃሉ ባይለይልኝም ትናንት አጥር ሥር ስትጨቃጨቁ ሰምቻለሁ» አሉ አዴ ሎሚ። «እጅሽን ሲይዝሽ፣ ስትመነጨቂ በቀዳዳው አይቻለሁ። ጠዋት ዓይንሽ ጠቁሯል። እኔ የደነቆርኩ መሰለሽ?»

«የተጨቃጨቅነው በሌላ ነገር ነው።»

«በምን?»

ኪሴ ውስጥ ያለችውን ጠርሙስ ጨበጥኩ።

«አየሽ» አሉ፤ ድምፃቸው ለሰለሰ። «እናትሽ እዚህ ብትኖር ሲንቄዋን ይዛ ትወጣልሽ ነበር። የለችም። እኛ አለን። አንቺ እዚያ ተቀመጪ።»

አንዷ ተነስታ ትከሻዬ ላይ ፎጣ ጣል አደረገችልኝ። የማያውቁኝ ሴቶች ናቸው። በሕይወቴ ካገኘኋቸው ከብዙዎቹ ዘመዶቼ በላይ ነው የቆሙልኝ፤ ግን ላልሆነ ነገር። ገመቹ ጋ ደወልኩ። ይጠራል፣ አያነሳም። ደገምኩ። አጥሩ ላይ ወጣቶች መሰብሰብ ጀመሩ። «ገና ሳያገባ ጀመረ» አለ አንዱ። «የከተማ ልጅ አምጥቶ ሊያሰለጥናት ነዋ» አለ ሌላው። አንድ ጠና ያለ ሰውዬ ደግሞ ዱላውን እያሻሸ መንገዱን ያያል። ሴቶቹ ገመቹን አይነኩትም፤ ስለ ሰውየው ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ባጃጁ ሲመጣ ድምፁን ከሩቅ ለየሁት።

ገመቹ የለስላሳ ሳጥን ታቅፎ ወረደ። በሩ ላይ የተጋደመችውን ሲንቄ ሲያይ እግሩ ቆመ። ሳጥኑን መሬት አስቀመጠ። ዱላ የያዘው ሰውዬ ተጠግቶ ክንዱን ያዘው። ገመቹ ሴቶቹን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያ እኔን፣ ዓይኔን አየ። ወዲያው ገባው። ፊቱ ላይ ንዴት አላየሁም። ሒሳብ ሲሠራ ነው ያየሁት።

«መታሃት?» አሉት አዴ ሎሚ በኦሮምኛ።

«አይ፣ እሷ…» ብሎ ጀመረ።

አዴ በዳቱ አቋረጡት። «ታዲያ ምን ሆና ነው? በሽታ አለባት?»

መጣ። ያ የፈራነው ጥያቄ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ከራሳቸው ከእናቱ አፍ። ገመቹ ወደ እኔ ዞረ። በጭንቅላቴ ምልክት ሰጠሁት፤ በል፣ ንገራቸው። ሰውየው ክንዱን እንደያዘው ነው።

«አነቱ ሩኩቴ» አለ። እኔ ነኝ የመታኋት።

የሰማሁትን አላመንኩም። ደግሞ ጠየቁት፤ ደግሞ አለ። «ተናደድኩ፣ መታኋት።»

ሰውየው ክንዱን ለቀቀና ተፋ። ሴቶቹ አጉረመረሙ። እኔ ግን የማየው አዴ በዳቱን ነበር። ትከሻቸው ሲረግብ አየሁ። በእግዜር ስም እላችኋለሁ፣ እፎይ ነው ያሉት። ልጃቸው ሴት መምታቱ አሳፍሯቸዋል፤ ግን መምታት መንገድ አለው፣ ይቅርታ አለው። በሽታ ግን ይሄ ሁሉ የለውም።

ከዚያ ሁሉም ነገር በቶሎ ሄደ። አዴ ሎሚ ወረዱበት። «እጅህ እንዲህ ፈጣን ነው ለካ። ለአጨዳ ስንጠራህ ግን ወገቤን ያልክ አንተ ነበርክ» አሉት፤ ሴቶቹ ሳቁ፣ አጥሩ ላይ ያሉትም ሳቁ። በግ ያርዳል ተባለ። ዳግመኛ እጁን እንዳያነሳ በእናቱ ፊት ቃል ይግባ ተባለ፤ ገባ። ይቅርታ መጠየቂያ እርጥብ ሣር በእጁ ሰጡትና ወደ እኔ ላኩት።

ከፊቴ ተንበረከከ። ሣሩን ወደ እኔ ዘርግቶ በአማርኛ፣ በሹክሹክታ፣ «ማሂ፣ ይቅር ብዬሃለሁ በይና ይለቅ» አለኝ።

«አልመታኸኝም።»

«አውቃለሁ። ይሄ በበግ ያልቃል። ያንቺ በበግ አያልቅም። ስለዚህ ነው። እባክሽ።»

ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። እውነት ለኔ የሠራ መስሎታል። እኔን ለማስገባት ራሱን አዋርዷል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ ገብቶኛል። እሺ ብል በጉ ይታረዳል፣ ምሳ ይበላል፣ የሰርጉ ቀን ይቆረጣል። እኔም ከዚያ ወዲያ በየማታው ሽንት ቤት ጀርባ እቆማለሁ። ዓይኔ በጠቆረ ቁጥር ደግሞ ገመቹ መታት ይባላል፤ እሱም እሺ ይላል።

«ይቅር አልሽው?» አሉኝ አዴ ሎሚ። ሁሉም ይጠብቃል። በነሱ ሥርዓት ቃሉ ከኔ ካልወጣ ነገሩ አያልቅም።

ተነሳሁ። ግራ ዓይኔን በመዳፌ ሸፈንኩ። ያ ሁሉ ሰው ጠፋ። ፀሐይዋ ብቻ ቀረች፣ እሷም እንደ ጭጋግ።

«አዴ በዳቱ» አልኩ፤ ድምፃቸው በነበረበት በኩል ዞሬ። «አሁን አላይዎትም። ይሄኛው ዓይኔ ከጠፋ ቆይቷል። የጠቆረው ነው የሚያይልኝ። እሱም እንዳይጠፋ መድኃኒት አደርግበታለሁ፣ ያጠቆረው መድኃኒቱ ነው። ልጅዎ አልመታኝም።»

በአማርኛ ካልኩት በኋላ በተሰባበረ ኦሮምኛዬ ደገምኩት፣ ማንም አልገባኝም እንዳይል። እጄን ከዓይኔ ሳነሳ ማንም ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ጠርሙሷን ከኪሴ አውጥቼ ለአዴ ሎሚ ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩዋት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጓት፣ መለሱልኝ።

«በዘር ነው?» አሉ አዴ በዳቱ።

በቀጥታ እኔን ነው የጠየቁት። ልጃቸውን አላዩትም።

«ሊሆን ይችላል» አልኩ። «ሐኪሙ እህትና ወንድሞቼ ይመርመሩ ብሏል። ስወልድም ልጆቼ ይመረመራሉ። ቶሎ ከታወቀ ይያዛል። እኔን ዘግይተው ነው ያገኙኝ።»

አዴ በዳቱ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ገመቹ ተነሳ። ሣሩ አሁንም በእጁ ነው። «አየሽ?» አለኝ። «ያልኩሽ ይሄን ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው።»

አዴ ሎሚ ወደ እሱ ዞሩ። «ሳትመታት ነው መታኋት ያልከው?»

«ለሷ ብዬ ነው።»

«እሷ በልልኝ ብላሃለች?»

አጥሩ ላይ ከነበሩት አንዱ የሆነ ነገር ሊቀልድ ጀምሮ ተወው።

ቤት ገባሁ። ቦርሳዬን አነሳሁ፤ ማታ የለበስኩትን ሻርፕ አጣጥፌ ከተትኩ። ስወጣ አዴ በዳቱ ደጁ ላይ ቆመዋል። እጄን ያዙኝ፤ ትናንት እንደያዙኝ አይደለም፣ ግን ያዙኝ።

«ምሳ ሳትበዪ?» አሉኝ።

ተቀመጪ ይሉኝ እንደሆነ ጠበቅኩ፤ አላሉኝም። «መንገድ አለብኝ፣ አዴ» ብዬ ጉንጫቸውን ሳምኳቸው። ሳሙኝ።

ገመቹ ተከተለኝ። «ማሂ፣ ቆይ። አሁን ደህና መኪና አታገኚም። ባጃጁን ላስነሳና መናኸሪያ ላድርስሽ።»

«በእግሬ እሄዳለሁ።»

«እሺ አዮ ትንሽ ትረጋጋ። ከሰዓት አናግራታለሁ። ትሰማኛለች።»

«አናግራት» አልኩት።

ሴቶቹ ገና ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። መነሳት ይሁን መቆየት ያልወሰኑ ይመስላሉ፤ እንዲህ ያለ ነገር አጋጥሟቸው የሚያውቅ አይመስለኝም። ፎጣዋን ላለበሰችኝ ሴትዮ መለስኩላት። በሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ፤ ሲንቄዋን መሻገር እንደማይቻል አውቄያለሁ። አዴ ሎሚ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሱና አነሱልኝ።

ወጥቼ ወደ አስፋልቱ ሄድኩ።